ሙሉ ብርጭቆ ሻይ

ሐጂ አባፎጊ ከሚዛን አማን ወጣ ብሎ ባለው የቡና ማሳቸው ውስጥ፣ ቀፎ የተሰቀለበት ዋንዛ ሥር ሞተው ተገኙ። ጫማቸው ግንዱ ጋ ተጣምሮ ተቀምጧል፤ ካልሲው ውስጡ ተወሽቋል። ኢንስፔክተር ማናልሞሽ ጫማውን አየች፣ መዳፋቸው ላይ የተጣበቀውን የዛፍ ቅርፊት አየች። አስከሬን ስታይ ምንም አይሰማትም፤ ይኼ አንዳንዴ ያስፈራታል።

«ደብድቦ የገደለው ሲሞን ነው» አለ ልጃቸው በድሩ። «ሲጮህበት ሰው ሰምቷል። አባቴ የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን ይዞት ለዓመታት ማንኪያ እንኳ መያዝ ያቃተው ሰው፣ ዛፍ ሊወጣ? ምን ጉድ ነው!»

ቀፎ ሰቃዩ ሲሞን እጁ በካቴና ታስሯል። «‹ሐጂ፣ ኧረ ይውረዱ!› እያልኩ ነው የጮህኩት» አለ። «ማን ያምነኛል? ሦስት ልጆች አሉኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ማናልሞሽ ግን እስኪያድር የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። የሐጂ ቤት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ያልታጠበ ብርጭቆ አየች። መሃሉ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር ተሰምሮበታል።

«የአባቴ ነው» አለች ዩስራ፣ የሟቹ ሴት ልጅ። «ከመስመሩ በላይ ከተቀዳለት ይደፋበታል።»

ሻዩ የደረቀው ግን ከመስመሩ በላይ፣ ጠርዙ ጋ ነበር። ማናልሞሽ ለሐጂ ሐኪም ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«የተደበደበ ሰው ጫማውን አውልቆ ካልሲውን አይወሽቅም። ሐጂ ዛፉ ላይ ወጥተው ነው የወደቁት። ሐኪማቸው እንደነገሩኝ አንጎላቸው ውስጥ ሽቦ፣ ደረታቸው ላይ ባትሪ ተቀብሮላቸዋል። ኤሌክትሪኩ መንቀጥቀጡን ያቆማል፤ ሲበዛ ግን አእምሮን ሊያሰክር ይችላል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው የማይሞት ይመስለዋል። ሰሞኑን ተኝተው ያውቃሉ?»

«ከዩስራ ሰርግ ወዲህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አይተኛም ነበር። ይስቃል፣ ያዜማል፣ ጃኬቱን ለመንገደኛ ሰጠ» አለ በድሩ። «ዳነልን ብለን አልሐምዱሊላህ አልን።»

«ኤሌክትሪኩን በመቆጣጠሪያው ሪሞት ማን ጨመረው? ከመስመሩ በላይ መቅዳት የጀመረው ሰው ነው። እጃቸው እንደማይንቀጠቀጥ ያውቅ ነበር።»

ሁሉም የሐጂን ሻይ ወደምትቀዳው ወደ ዩስራ ዞሩ። ዩስራ አላለቀሰችም።

«ለኒካሄ ብዬ ነው» አለች። «የባሌን እጅ ሲጨብጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው እንዳይንቀጠቀጥ። አልተንቀጠቀጠም። በማግስቱ ልቀንሰው ነበር፤ ግን ሳቀ። አባቴ ስድስት ዓመት ሙሉ አልሳቀም፣ እንዴት ልቀንሰው?»

«ሲሞን ሲታሰርስ ለምን አልተናገርሽም?»

«አፌ ተሳሰረ። ደነዘዝኩ።»

ማናልሞሽ የሲሞንን ካቴና ፈታች። ዩስራ ተነስታ ለሲሞን ሻይ መቅዳት ጀመረች። ብርጭቆውን የያዘበት እጁ ይንቀጠቀጣል። አየችው፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ አቆመች።