የአንድ ጆንያ ጨው

መምህር ገዛኸኝ ሰሌዳው ላይ ካሉት ነጥቦች አንዷን በመዳፉ ሸፈናት።

«አሁን እዩ። ይቺ ነጥብ ባትኖር መስመራችን ምን ይሆናል?»

«ይተኛል» አለ ጋሹ ከኋላ ወንበር። «እንደ እኔ።»

ክፍሉ ሳቀ። ፈሪሀ ግን አልሳቀችም። በመዳፉ ሥር የተደበቀችው ነጥብ የእሷ ናት። እንዴት እዚያ ላይ እንደ ወጣች የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

«ልክ ነህ፣ ይተኛል።» መምህሩ መዳፉን አነሳ። ሌሎቹ ነጥቦች ታች መሬቱ ላይ ተኮልኩለዋል፤ አንዷ ብቻ ማማ ላይ እንደ ወጣ ጠባቂ ከላይ ቆማለች። መስመሩም ከእሷ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል። «አንዲት ነጥብ መስመር ሙሉ ስትሸከም ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ይጠረጥራታል። እኔም ጠርጥሬያት ነበር። ግን ፈሪሀ ደጋግማ ለክታት ያው ሆነችባት። ታዲያ ምን ልበላት?»

ፈሪሀ አንገቷን ደፋች። ልጆቹ ዓይነ አፋርነት መሰላቸው።

ነገሩ የተጀመረው መምህሩ ከጤና ጣቢያ ለምኖ ባመጣት ትንሽ የጨው መመርመሪያ ጠብታ ነው። ጠብታዋ አዮዲን ባለው ጨው ላይ ስታርፍ ጨዉ ሰማያዊ ይሆናል፤ አዮዲን ከሌለው ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። አዮዲን የሌለው ጨው ሲበላ የኖረ ሰው ደግሞ አንገቱ ላይ እንቅርት ያወጣል፤ ሴቲቱ እርጉዝ ከሆነች ጉዳቱ ለጽንሱም ይተርፋል። ዓይን ያታልላል ብሎ መምህሩ ቀለሙን በስልክ ማንሳት አስተማራቸው። ስልኩ የቀለሙን ድምቀት በቁጥር ይናገራል። መጀመሪያ የአዮዲን መጠናቸው የታወቁ ጨዎችን አነሡና ቁጥራቸውን በነጥብ አሰፈሩ፤ ስልኩም በነጥቦቹ መሀል መስመር አሰመረ። ከዚያ በኋላ የመጣ ጨው ሁሉ በዚያ መስመር ይለካል። «ሞዴል ማለት ይኸው ነው» አላቸው። «ያወቃችሁትን አሰልፋችሁ ያላወቃችሁትን ትጠይቁታላችሁ። ያሰለፋችሁት ከዋሸ እሱም ይዋሻል።»

ከዚያ ከቆቦ ገበያ ጨው ነጋዴዎች ቆንጠር ቆንጠር አድርገው እንዲያመጡ ላካቸው። ፈሪሀ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። እናቷ ኡሙሃኒ ጨው ነጋዴ ናት። የጋሹ እናት አስካለም ከጎኗ ተቀምጣ ጨው ትሸጣለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ሳይወለዱ ጀምሮ አንድ ጆንያ እኩል ሲካፈሉ ነው የኖሩት። ለዚህም ክፍሉ ሁለቱን «የጨው ልጆች» ይላቸዋል። ጋሹ እንዲህ ሲሉት ይስቃል። ፈሪሀ ሲሏት ፊቷን ታዞራለች።

የእናቷን ጨው ይዛ የመጣች ዕለት ልጆቹ ሳይሰበሰቡ ነው ጠብታዋን የጣለችው። ጨዉ ነጭ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጠበቀችው። ሌላ ጠብታ ጨመረች። ጨዉ ንቅንቅ አላለም። መምህሩ የነጋዴዎቹ ስም በፊደል ብቻ ነው የሚጻፈው ብሎ ነበር፤ ግን በቆቦ ፊደል ማንን ይደብቃል? ገዢ ሴቶች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እናቷን አልፈዋት ሲሄዱ ታያት። እነዚያ የክፍል ልጆችም አዲስ ስም ሲያወጡላት የምትሰማ መሰላት። ተነሣች፤ ከሱቅ የታሸገ ጨው ገዝታ በእናቷ ፌስታል ገለበጠችው። ጠብታዋ ስታርፍበት ጨዉ እንደ በሰለ ወይን ጠቆረ። ደግማ ለካችው። ያው ነው። ለምን ያው አይሆን?

ጋሹ በማግስቱ የእናቱን አመጣ፤ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠብታውን ጣለ። ነጭ።

«እናቴ ዜሮ አመጣች» አለ። «እኔን ግን ሒሳብ ዜሮ አመጣህ ብላ ምሳ ከልክላኛለች።» እንዲያ አለና ያየውን እንዳየው አስመዘገበ። ቀጥሎ ማንንም ሳያይ «ቲቸር፣ የኔና የፈሪሀ እናት ግን አንድ ጆንያ ነው የሚካፈሉት» አለ።

ፈሪሀ አለቀልኝ ብላ ነበር። መምህሩ ግን ዓይኑ በራ። አንድ ጆንያ፣ ሁለት ውጤት! ልዩነቱ አያያዝ ላይ ነው ማለት ነው። ኡሙሃኒ ጨውዋን ክዳን ባለው ባልዲ ነው የምትይዘው፤ አንድ ጊዜ ፍየል ስትልስባት ደርሳ ገበያው ጉድ ብሎ ከሳቀባት ወዲህ ክዳን ለይቷት አያውቅም። አስካለ ፀሐይ ላይ ዘርግታ ነው የምትሸጠው። ፀሐይ አዮዲንን ታሳሳለች የሚባለውን መምህሩ መጽሐፍ ላይ አንብቧል። ተማሪዎቹን ልኮ የማን ጨው ምን ያህል ፀሐይ ላይ እንደሚውል አስጠየቀ፤ የፀሐዩን ሰዓት ከአዮዲኑ መጠን ጋር አገናኝቶ ያንን ቁልቁል የሚወርድ መስመር ሰሌዳው ላይ አሰመረ። አሁን በዋናው የገበያ ቀን ተማሪዎቹን አሰልፎ ወጥቶ «ጨዋችሁን ክደኑ» ሊል ነው። የጤና ሰዎችንም ጠርቷል።

ያን ቀን ሲለቀቁ ፈሪሀ እግሯን እየጎተተች ገበያ ወረደች። የቆቦ ፀሐይ እንደ ልማዷ ጥላ አልባ ናት። ከሩቅ ያየችው ነገር አስቆማት። ከአስካለ ጨው በላይ አበባ ያለበት መጋረጃ በአራት ዱላ ተወጥሯል። መጋረጃውን ታውቀዋለች። የእነ ጋሹ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ የኖረው ነው። ጋሹ ራሱ አንዱን ዱላ ይዞ ገመድ እያሰረ ነው።

«ቤታችን በር የለውም» አላት ሲያያት። «እራት ስንበላ ጎረቤት ሁሉ ያየናል። ሼም ነው፤ ሽሮ መሆኑ ታወቀብን።»

አስካለ ከመጋረጃው ሥር ቀና አለች። ፈሪሀን ስማ፣ ግንባሯን ዳብሳ፣ ከጎኗ አስቀመጠቻት። እንዲህ ያለች ልጅ ለወላጅ ሀብት ናት አለች። የሞተ አባቷን ነፍስ ይማር አለች። እድሜ ለፈሪሀ ትምህርት፣ አስካለም በስተርጅናዋ ጨው መያዝ ተማረች። ያለችው ሁሉ ምርቃት ነበር፤ ፈሪሀ ግን እያንዳንዱን እንደ ጥፊ ቆጠረችው።

«እኔ እኮ» አለች አስካለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንቱን የሰው ልጅ አንገት ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ደህናውን ጨው ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ገድዬ ስሸጥ ኖርኩ።»

«ተይ እንጂ አስኩ» አለች ኡሙሃኒ። «ሳያውቁ የሠሩትን አላህም ይምራል።»

ኡሙሃኒ ሰሞኑን አልሐምዱሊላህ የማትልበት ሰዓት የለም። ወሬው ደርሶ ሰው እሷን እየመረጠ ነው የሚገዛ። አሁንም ከዞብል ተራራ የወረደች ሴት ከፊቷ ቆማለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ቀሚሷን የያዘችው ትንሽ ልጅ አንገቷ ሥር እብጠት አላት፤ እንቁላል የሚያህል። ሴትየዋ ስለ ልጇ ስትጠየቅ፣ የዚችስ አንዴ ሆነ፣ ሆዴ ያለው እንዲተርፍ ነው ይሄን ጨው ፍለጋ የመጣሁት አለች። ኡሙሃኒ የገዛችውን ሰፍራ ስታበቃ ደግማ ዘገነችና ምርቃት ብላ ጨመረችላት። ሴትየዋ መርቃ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ወደ ምሥራቁ መንገድ ሄደች።

ፈሪሀ የልጅቱን አንገት አየች። ቀጥላ በክዳን የተከደነውን፣ ንጹሑን፣ ምንም የሌለበትን የእናቷን ባልዲ አየች። ሰሌዳው ላይ ያለችው ነጥብ ትዝ አለቻት። መምህሩ በመዳፉ ሲሸፍናት የተኛው መስመር ነበር እውነተኛው። ያ መስመር የሚለው ሌላ ነው፤ ጆንያው ሲመጣም ከአዮዲን ባዶ ነው። የአስካለ ፀሐይ የገደለችው ነገር የለም። በገበያ ቀን ይሄ ሁሉ ሰው ባዶ ጨው ሊከድን ነው።

ከቦርሳዋ ንጹሕ ፌስታል አወጣች።

«እማ፣ ዝገኚልኝ።»

«ባለፈው ሰጥቼሽ?»

«ሰጥተሽኛል።» ፌስታሉን ከፍታ ዘረጋችላት። «የለካሁት ያንቺን አይደለም።»

የኡሙሃኒ እጅ ክዳኑ ላይ ቀረ። «የማንን ነው?»

«የሱቅ። የታሸገ ገዝቼ በፌስታልሽ ጨመርኩት። ያንቺ ነጭ ነው የሆነው። የእትዬ አስካለም፣ ያንቺም አንድ ነው።»

አስካለ ቀስ ብላ ከራሷ በላይ የተወጠረውን መጋረጃ አየችው። ፈሪሀ እናቷ እንድትጮህ፣ በጥፊ እንድትላት ተመኘች፤ ይሻላት ነበር። ኡሙሃኒ ግን አንገቷን መዝዛ መንገዱን ነበር የምታየው። ፊቷ ከሥር ወደ ላይ ቀላ፤ ፈሪሀ እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

«ያቺ ሴት የት ደረሰች?» አለች በመጨረሻ።

ከመቀነቷ ብር ፈትታ ለልጇ ዘረጋች።

«ገንዘቧን ያዢ፣ ሩጪና መልሽላት። የሱቁን ግዢ በያት፤ ለምን ብትልሽ ራስሽ ንገሪያት። የኔና ያንቺ ማታ ነው።» ይህን ብላ ክዳኑን አነሣች፤ ከባልዲው አንድ እፍኝ ዘግና ልጇ በዘረጋችው ፌስታል ገለበጠችው፤ የራሷን ባልዲ ከደነችና ጀርባዋን ሰጠቻት። አስካለም ከራሷ ክምር ቆንጥራ በወረቀት ጠቅልላ አቀበለቻት። ዓይኗን አላየቻትም።

ፈሪሀ በጋሹ አጠገብ ስታልፍ ልጁ ዱላውን እንደ ያዘ ነው።

«አውቅ ነበር» አላት በቀስታ። «ጆንያውን ከመኪና አውርጄ በሁለቱም ፊት የዘረገፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ።» ዱላውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረው። «አብሬሽ ልምጣ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልፈለገችም። መሮጥ ጀመረች። በሽንኩርት ክምሩ መሀል፣ በግመሎቹ እግር ሥር፣ በባጃጆቹ ጥሩምባ አልፋ ወደ ምሥራቁ መንገድ ወጣች። ሴትየዋ ሩቅ አልሄደችም፤ ትንሿ ልጅ እየደከማት ነው መሰል በየደቂቃው ይቆማሉ። መምህር ገዛኸኝ እስከ ማታ ድረስ ከክፍሉ እንደማይወጣ ታውቃለች። ጠብታዋም መሳቢያው ውስጥ አለች፤ ከሴትየዋ ቀጥላ ሁለቱንም ጨው ይዛ ወደዚያው ነው።

ፈሪሀ ጨዉን የያዘውን እጇን ጨበጠች። ወረቀቱ በላቧ መራስ ጀምሯል።

«እትዬ!» ብላ ተጣራች። ሴትየዋ ዞረች።