ተሰክቶ የማይሞላ ስልክ

ልብስ ሰፊዋ በመስፊያ ክፍሏ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። ቀኝ መዳፏ ተቃጥሏል። በዚያው እጇ የቻርጀር ገመድ ጨብጣለች፤ የገመዱ ጫፍ ደረቷ ላይ ባረፈው ስልኳ ተሰክቷል። በር ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ቻርጀር ገደላት።

ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር ግን ለፍርድ አትቸኩልም። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ ነፍታ ገለባውን ስለምትለይ። ጎንበስ ብላ ስልኩን አየችው።

«ሳጅን፣ ሶኬቱ መብራት አለው?»

«አለው፤ ሞክሬዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ስልክ ለምን ቻርጅ አያደርግም?»

ሳጅኑ ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ከኪሱ የራሱን ቻርጀር አውጥቶም ሞከረ። ስልኩ ወይ ፍንክች። ኢንስፔክተሯ በባትሪ መብራት ቀዳዳውን አየች፤ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች የደረቀ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሸፍኗቸዋል።

«ባትሪው ግን ሊሞላ ምንም አልቀረው» አለች። «በዚህ አፍ ካልጠጣ በየት ጠጣ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ዞረች። የደንበኛ ኮት ተዘርግቷል፤ ግማሹ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፣ ግማሹ እንደ ተጨማደደ ነው። ካውያው ግን መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ነካችው፤ ለብ ይላል።

መጀመሪያ የጠራችው የሟቿን ታላቅ እህት ነው። ሁለቱ እህትማማቾች እናታቸው በተወችላቸው በዚሁ ሱቅ፣ ጎን ለጎን መኪና ላይ ይሠሩ ነበር።

«ቁልፍና ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ነው ያገኘኋት» አለች እህቲቱ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ስንቴ ነገርኳት! ቻርጅ እያደረግሽ አታውሪ፣ ስንቴ! ዛሬም ጠዋት ሰክታ ስታወራ ትቻት ነው የወጣሁት።»

«ስልኳ ችግር ነበረበት ይባላል።»

«ነበረበት። ያ ማዶ ያለው ስልክ ጠጋኝ ሠራላትና ዳነ፤ ይኸው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ቻርጀሩንም የሰጣት እሱ ነው። እሱን ያዙት!»

ባልየው አናጺ ነው። ከሥራው ተጠርቶ ሲመጣ ሸሚዙ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር። የጠጋኙ ነገር ሲነሳ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«እሱን አታንሺብኝ፣ እመቤቴ! ስልኩ እንቢ ባለ ቁጥር ወደ እሱ ነው። ስትመለስ ፊቷ በርቶ! ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ ታውቃለች?»

«ጣትዎ ላይ ያለው ሙጫ ነው?»

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

«ቅናት እንደ ነቀዝ ነው፤ ከላይ ደህና መስለሽ ውስጥሽን ይጨርስሻል። ልብስ ስታጥብ ስልኳን አንስቼ ቀዳዳው ውስጥ ሙጫ ጠብ አደረግሁበት። ስልኩ ከሞተ ነገሩም ይሞታል ብዬ። በማግስቱ ባየው ሙሉ ነው! ገመድ ሰክቼ ሞከርኩት፤ አይሠራም። ግን ሙሉ ነው። እኔ ነኝ እንጂ ያበድኩት ብዬ ዝም አልኩ።»

ጠጋኙ በጠባቧ ሱቁ ውስጥ የተፈታታ ስልክ ፊት ለፊት ደርቆ ተቀምጦ ነበር። ሞቷን ከሰማ ወዲህ አልተነሳም።

«መጀመሪያ የጨርቅ ብናኝ ነበር፤ በስንጥር አወጣሁላት። ቀጥሎ ገመዷ ነበር የተበላሸው፤ ከቻርጀሩ ጋር ቀየርኩላት። ሙጫው ሲመጣ ግን መሰኪያው ራሱ መቀየር አለበት። ዕቃው እስኪመጣ ብዬ ያለ ገመድ የሚሞላ ቻርጀር አዋስኳት፤ ስልኩን ላዩ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ደበቀችው።»

«ከማን?»

«ከሰው ሁሉ። ‹እህቴ ካወቀች ባሌ ያውቃል› አለችኝ። ከእኔ እጅ መርፌ ብትቀበል ቤቱ ይታመስ ነበር።»

«የሚያስቀና ነገር ነበር?»

ጠጋኙ ካቻቢቴውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «በእሷ በኩል የለም። በእኔ በኩል … ለእሷ ያልነገርኳትን ለእርስዎ ብነግር ምን ይጠቅማል?»

«ታላቅ እህቷስ?»

«እሷም ትመላለሳለች። ‹ስልኬ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል› ትላለች። እከፍተዋለሁ፤ ምንም የለውም። ሁልጊዜ ‹ታናሽሽ እንዴት ናት?› እላታለሁ። ያኔ ስልኳን ነጥቃኝ ትሄዳለች።»

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም በመስፊያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ቻርጀሩና ካውያው ተቀምጠዋል።

«ቻርጀሩን አስፈተሽኩት፤ ደህና ነው። ከዚህ ቀጭን ገመድ የሚወጣው ኃይል መዳፍ አያቃጥልም» ብላ ጀመረች። «ካውያው ግን ያቃጥላል። ሟቿ ኮት እየተኮሰች ነበር። ማንም ሰው ሥራውን ከመሃል ትቶ የጋለ ካውያ ገመድ አይጠቀልልም። ሌላ ሰው ነው የጠቀለለው። ብሎኑ በቅርቡ ተፈትቷል፤ ጭረቱ ገና ያበራል። ውስጡ አንዱ ሽቦ ከብረቱ ጋር እንዲነካካ ተደርጓል፤ የነካውን ሰው መብራት ይይዘዋል።»

አናጺው ጠጋኙን በዓይኑ ሊበላው ደረሰ። «ሽቦ የሚያውቀው እሱ ነው!»

«ይቆዩ። ገዳዩ ካውያውን አንስቶ በምትኩ ስልኩን ከነገመዱ አስያዛት። ስለዚህ ገዳዩ ይህ ስልክ በገመድ ይሞላል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጠጋኙ አያምንም፤ ደግሞስ በራሱ ቻርጀር ራሱን ያስከስሳል? እርስዎም አያምኑም፤ ሙጫውን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ያ አሳፋሪ ቅናትዎ ዛሬ ነፃ አወጣዎት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እህቲቱ ዞረች።

«እርስዎ ግን ስልኩን በየቀኑ ሙሉ ሆኖ ያዩታል፣ መሳቢያውን አያውቁም። ጠዋት ሰክታ ስታወራ እንዳዩ ነገሩኝ። ሊያዩ አይችሉም፤ በሙጫ የተደፈነ ስልክ ማን ይሰካል? የስፌት መኪናዎን የሚፈቱበት ካቻቢቴ ጫፉ የተሸረፈ ነው፤ ካውያው ላይ ያለው ጭረትም የዚያው ነው።»

እህቲቱ ቀና አለች። አናጺውን ተመለከተችው።

«መጀመሪያ ለእኔ ነበር ሽማግሌ ልትልክ ያሰብከው። አስታወስክ? እሷ ልብስህን ልትለካ ገባች፣ አለቀ። እሺ ብዬ ድግሷን ደገስኩ፤ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ!» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አንተ ጋ ስመጣ ደግሞ ‹ታናሽሽ እንዴት ናት›! አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺስ?› ብትለኝ ምን ነበረበት?»



ሳጅኑ ክንዷን ይዞ በጎረቤቱ መሃል አሳልፎ ወሰዳት። ማንም አልሰደባትም፤ ሁሉም መንገድ ለቀቀላት።

ኢንስፔክተሯ ለአናጺው ከሆስፒታል ሬሳ ለመረከብ ከእሱ ሌላ አንድ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረችው። አናጺው ዙሪያውን ተመለከተ። ወንድም የለው፤ የሚስቱ ወገን ያቺው እህቷ ነበረች። ጠጋኙ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ልሂድ አልሂድ ይላል።

«አንተ» አለው አናጺው፣ ፊቱን ሳያየው። «ና፣ እንሂድ።»

ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ተሻገሩ።