ሦስት ሜትር ቱቦ

«እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ይኖራል እንዴ?» አለ ማቀዝቀዣ ማሽን ሊተክል የመጣው ባለሙያ፣ ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ።

ልጅቱ ቀና ብላ ተመለከተች። ከቤታቸው የኋላ ግድግዳ ትይዩ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ማዶ፣ የጎረቤታቸው መስኮት ተዘግቷል። ዘወትር ወለል ብሎ የሚውለው ያ መስኮት ዛሬ የተዘጋው ጋሼን ልጃቸው ለሐኪም ቀጠሮ ማልዳ ስለ ወሰደቻቸው መሆኑን ታውቃለች።

«አይ፣ ዕቃ ቤት ነው» አለች።

«እንግዲያው ተገላገልን!» ባለሙያው ግድግዳው ላይ አራት ምልክት አደረገ። «የኤሲው የውጪ ሳጥን እዚህ ይሰቀላል። ከማሽኑ ጋር በነፃ የሚመጣው ቱቦ ሦስት ሜትር ነው፤ ልክክ ይላል። ሰው ቢኖርበት ኖሮ በጣሪያው ላይ አዙረን ወደ መንገዱ በኩል ነበር የምናወጣው። ዘጠኝ ሜትር! ቱቦው በሜትር ይታሰባል፤ ጋዝ ይጨመራል፤ ሽቦው ይረዝማል።»

«ስንት ይጨምር ነበር?»

«ሰባት ሺህ ገደማ። ምን አስጨነቀሽ? ተርፈሻል እኮ!» ከምሳ በኋላ የግድግዳ መብሻ ድሪሉን ይዞ እንደሚመለስ ነግሯት ሄደ።

ሰባት ሺህ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኑን የገዛችውም ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፍታ ባጠራቀመችው ነው። የባለሙያው የእጅ ዋጋ፣ የመደገፊያው ብረትና የወፍራሙ ሽቦ ሒሳብ ሲከፈል በእጇ የሚቀረው የወሩ አስቤዛ ብቻ ነው። የልጅቱ ፈተና ደግሞ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እናቷ የምትሰፋበትና ልጅቱ የምታጠናበት ክፍል አንድ ነው፤ ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ እየጋለ ወረቀቱን ክንዷ ላይ ያጣብቀዋል፤ የጻፈችውንም ቀመር ላቧ ያጠፋዋል። በሙከራው ፈተና ሦስት ጥያቄ ሳትነካ ያስረከበችው በሙቀቱ ምክንያት እንደ ሆነ ከልቧ ታምናለች።

ስለዚህ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን መቀመጥ አልቻለችም። መጽሐፉን ገለጠች፤ ከደነችው። ውሃ ጠጣች። ወደ መተላለፊያው ወጥታ አራቱን ነጫጭ ምልክቶች አየችና ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወጣች።

«ምነው፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል። «ወይ ተቀመጪ፣ ወይ ቁልፍ ትከዪልኝ።»

ቁልፍ መትከል ጀመረች። ሁለተኛውን ሳትጨርስ የማዶው መስኮት መቀርቀሪያ ተንቋቋ፤ መዝጊያውም ተከፈተ።

«ቴርሞሜትር! ስንት ዲግሪ ደረስን?»

ጋሼ ናቸው። ግማሽ አካላቸው እምቢ እስካላቸው ቀን ድረስ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሰባት የእጅ ሰዓት ደርድረዋል። ልጅቱ በየሰዓቱ የሙቀቱን ልክ እየጮኸች ስለምትናገር ቴርሞሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላም ልምምድ ስትሠራ ሰዓት የሚይዙላት እርሳቸው ናቸው።

እናቷ መቀሷን እንደ ያዘች ወጣች። «ጋሼ፣ እንኳን በደኅና ተመለሱ! ሐኪሙ ምን አለ?»

«ልቤን አዳመጠና "ይሠራል" አለኝ። እኔም ሰዓቱን ሳልከፍት እንደዚያ ነበር የምለው!» ሳቁ። «ደግሞ ከሙቀት ራቅ ይበሉ አለ። ወዴት እንደምርቅ ግን አልነገረኝም።»

«በሉ እንግዲያው ደስ ይበልዎት! ዛሬ ማሽናችን ይተከላል። ሳጥኑ እዚሁ መስኮትዎ ፊት ነው፤ ቅዝቃዜው ለእርስዎም ይተርፋል።»

«ተባረኪ ልጄ! እንግዲህ ቀን ከሌት አልዘጋውም።»

እናቷ የተናገረችው በቅን ልብ ነው። ያ ሳጥን ግን የሚተፋው ቅዝቃዜ አይደለም፤ ከቤት ውስጥ የተለቀመው ሙቀት ሁሉ የሚወጣው በእርሱ በኩል ነው። ከሦስቱ መካከል ይህን የምታውቀው ልጅቱ ብቻ ነበረች። ያስተማራትም ለፈተናው የምታጠናው የፊዚክስ መጽሐፍ ነው።

«በይ ወረቀትሽን አምጪ» አሏት ጋሼ። «አርባ ደቂቃ። አሁን!»

ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጥያቄውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ልጃቸው አልጋውን ወደ ሌላው ጥግ ብታዞረውስ? ሌላው ጥግ መስኮት የለውም። ቀን ቀን ቢዘጉትስ? ዐሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከፈተናው በኋላ ሳጥኑን ማንሣት ይቻላል። ማን ያነሣዋል? በየትኛው ገንዘብ? እርሳሷን ነከሰች፤ ጻፈች፤ አጠፋች።

«ጊዜሽ አለቀ! ስንት ሠራሽ?»

«አራት።»

«በአርባ ደቂቃ? ባትሪው ያለቀበት ሰዓት እንኳ ካንቺ ይፈጥናል!» አሉ። ቀጥሎ ግን ፊቷን አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግድ የለም፤ ቀዝቀዝ ሲልልሽ ትሠሪዋለሽ። እኔም የሐኪም ቤቱ መንገድ አድክሞኛል፤ ጥቂት ልተኛ።» መዝጊያውን ገርበብ አደረጉት።

ባለሙያው የመጣው እርሳቸው እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ ነው። ድሪሉን ሰክቶ ሞከረው፤ ጮኸ። የድሪሉን ጫፍ ወደ መጀመሪያው ምልክት ሲያስጠጋ ልጅቱ በመካከል ገባች። በመዳፏ ምልክቱን አበሰችው፤ ሁለተኛውን አበሰችው፤ ሦስተኛውንም።

«ያምሻል እንዴ? እጅሽን ልበሳው ነው እኮ!»

«ሰው አለ» አለች። «ጋሼ አሉ። አይነሡም፤ ሁልጊዜ እዚያው ናቸው።»

ባለሙያው በመዝጊያው ክፍተት አጮልቆ አየ። ድሪሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

እናቷ ከነሜትሯ መጣች። «ምን ተፈጠረ?»

ባለሙያው ልጅቱን አያት። በጠመኔ የነጣ መዳፏን አየ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ጠዋት መስኮቱን አይቼ ዕቃ ቤት መስሎኝ ነበር። ይኼ ሳጥን እሳት ነው የሚተነፍሰው፤ እኚህን አባት ይጠብሳቸዋል። በጣሪያው በኩል መዞር አለበት። ሰባት ሺህ ይጨምራል።»

«እሳት?» እናቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እኮ ቅዝቃዜው ይደርስዎታል ብያቸው...» በሐሳቧ የምትደምረውና የምትቀንሰው ከግንባሯ ይነበብ ነበር። «አሁን የለኝም» አለች በመጨረሻ። «ምናልባት ከሁለት ወር በኋላ። የት ዐውቀህ፤ ስሕተት ያለ ነው።»

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ባለሙያው ገመዱን እየጠቀለለ ነው። እናቷም ወደ ቤት ፊቷን አዙራለች። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር።

«እሱ አልተሳሳተም» አለች ልጅቱ። «ጠይቆኝ ነበር። ዕቃ ቤት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሙቀት እንደሚያወጣም ዐውቅ ነበር።»

እናቷ ዘወር ብላ ተመለከተቻት።

«የማሽኑን ካርቶን ወደ ጥግ ግፊው» አለች። «የምሰፋበትን ቦታ ይዞብኛል።»

ካርቶኑ ከባድ ነበር። ልጅቱ ብቻዋን ገፋችው፤ ማንም አላገዛትም። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ ወደ መተላለፊያው ወጣችና ከመስኮቱ ሥር በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። እግሮቿ አላርፍ ቢሏትም ከቦታዋ አልተነሣችም።

ብዙ ቆይቶ መዝጊያው ተንቀሳቀሰ።

«ቴርሞሜትር! ማሽኑ ተተከለ? ስንት ዲግሪ ደረስን?»

«ሠላሳ ስምንት» አለች። ቆማ ፊቷን ወደ እርሳቸው አዞረች። «ጋሼ፣ እንደ ገና ሰዓት ይያዙልኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የምነግርዎ ነገር አለ።»