አስራ አንድ ጥቁር ጃንጥላዎች

ራዲዮ የሰው ጥርስ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ሙሉ የላይኛው ረድፍ፣ ከነድዱ፣ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ።

«ይህ» አለች እንደ ሙዚየም አስጎብኚ ድምፅዋን አወፍራ፣ «በዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ የተገኘ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው ሲሳፈር ጥርስ ነበረው፣ ሲወርድ የለውም። በመሃል ምን ተፈጠረ?»

«ትኬት ቆራጩ አስቆት ይሆናላ» አለ ቀጭኔ።

ሌሎቹ ሦስቱ ጓደኞቻቸው በሳቅ ፈነዱ።

ራዲዮ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ወሬዋ ጠዋትና ማታ ስለማይቋረጥ ክፍሉ በሙሉ ተስማምቶ ያጸደቀላት ነው። ቀጭኔም ስሙን ያገኘው በቁመቱ ነው፤ ሲያስነጥሰው ሰው ሁሉ «ይማርህ» የሚለው ቀና ብሎ ነው።

የጂኦግራፊ መምህራቸው «ከተማችሁን እንደማላውቃት አስጎብኙኝ» ብለው ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ሰው የማያስበው የቅዳሜ ጉብኝት አዘጋጅቶ በፎቶ ያቀርባል፤ ያሸነፈውን ጉብኝት መላው ክፍል ይሄደዋል። ራዲዮ ደግሞ ማሸነፍ ከፈለገች ለራሷም ለሰውም ዕረፍት አትሰጥም። ከጠዋት ጀምሮ አውቶቡስ ላይ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ከመነሻ እስከ መድረሻ ተጉዘዋል። የጠሩትን ሁሉ ሦስት ጊዜ የሚያስተጋባ ድልድይ ስር ገብተው የርዕሰ መምህሩን ቅጽል ስም ጮኸዋል፤ ድልድዩም ምንም ሳይፈራ ሦስቴ ደግሞላቸዋል። መጨረሻው የመኪና ማቆሚያው ሕንፃ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ላይ ከተማው ያጠበው ልብስ በሙሉ በየሰገነቱ ተሰቅሎ ይታያል። ዘበኛው ግን የሚያስገባቸው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

በመካከል ያለው ማረፊያ የራዲዮ ሚስጥራዊ መሣሪያ ነበር፤ እናቷ የምትሠራበት፣ አውቶቡስ ውስጥ የተረሳ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል።

እናቷ የሳምንቱን ዕቃ ለመሰብሰብ ጋራዥ ሄዳለች። ቁልፉን ስትሰጣት «ጠረግ ጠረግ አድርገሽ ጠብቂኝ፤ ዕቃ እንዳትነኪ» ብላታለች። ራዲዮ ጠርጋለች። መሃል መሃሉን።

የክፍሉ ሕግ አንድ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥር ያለው ካርድ በክር ይታሰራል፤ መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ፊት ለፊት ሦስት ምልክቶች ይጻፋሉ። ዕቃዬ ጠፋ ብሎ የመጣ ሰው ዕቃውን ከማየቱ በፊት ሦስቱን ምልክቶች መናገር አለበት። በዚህ ሕግ የራዲዮ እናት በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ዕቃ ለተሳሳተ ሰው ሰጥታ አታውቅም። ይህንንም ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ አፏን ከፍታ እንደተቀመጠች ለጥርስ ሐኪሟ ሳይቀር ተናግራለች።

«አሁን ዋናው ፎቶ!» አለች ራዲዮ። ከጣሪያው ሥር በተዘረጋው ሽቦ ላይ አስራ አንድ ጥቁር ጃንጥላዎች እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። «ካርዶቹ ግን ፎቶውን ያበላሻሉ። ፍታቸው።»

ቀጭኔ መሰላል አያስፈልገውም። አንድ በአንድ ፈትቶ ካርዶቹን ኪሱ ውስጥ ዶላቸው። ፎቶው አሪፍ ሆኖ ወጣ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

አንድ ሽማግሌ ገቡ። የልብስ መለኪያ ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ልጄ፣ ጃንጥላዬን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

ራዲዮ የእናቷን ድምፅ አወጣች። «ሦስት ምልክት ይንገሩኝ፣ አባባ።»

«አንደኛ፣ ጥቁር ናት።»

ራዲዮ ሽቅብ አየች። አስራ አንዱም ጥቁር።

«ሁለተኛ፣ እጀታዋ ቆልማማ ነው።»

አስራ አንዱም ቆልማማ። እጇ ካርዱን ፍለጋ ወደ አንዱ ጃንጥላ ተዘረጋና ባዶ ክር ጨበጠ። ወደ ቀጭኔ ዞረች። ቀጭኔ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሦስተኛ» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ስትከፈት ትጮሃለች፤ ልክ እንደ ዳክዬ። ባለቤቴ ዘይት ቀባት እያለች ትነዘንዘኛለች። እምቢ! ስከፍታት መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ማን ሊያየኝ?»

ሌላ መላ አልነበረም። አምስቱም ጃንጥላ መክፈት ያዙ። አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ዝም። አራተኛው የቀጭኔን አገጭ ሊያወልቅ ለጥቂት ሳተው። ሰባተኛው ላይ «ቋኣኣክ!» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እሷ ናት!» ሽማግሌው እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

መዝገቡ ላይ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ቁጥር ፊት ለፊት በእናቷ ጽሑፍ «ጥቁር፤ ቆልማማ፤ ስትከፈት ትጮሃለች» ይላል። ሽማግሌው ፈረሙ፣ መርቀዋቸው ወጡ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይም ከፈቷት። መንገዱ ሁሉ ዞር አለ።

ዐሥር ጃንጥላና ዐሥር ካርድ ቀረ።

«በቃ ካርዶቹን ዝም ብለን እንሰራቸው» አለ ቀጭኔ። «ጥቁር ጥቁር ነው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው፣ ጣሪያው ሊያመልጠን ነው! ማን ያውቃል?»

ራዲዮ ባዶዎቹን ክሮች አየች። ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ሆና፣ አፏ በጥጥ ተጠቅጥቆ «አፍራ ዖጠኝ ዓመት!» የምትለው እናቷ ታየቻት።

«መዝገቡን አምጡት» አለች።

«ጣሪያውስ?»

«ጣሪያው የት ይሄዳል? ስሙ፤ ሁለት መቶ አራት። ጥቁር፤ እጀታው የተነከሰ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።»

«ኧረ እናትሽ መርማሪ ፖሊስ ናት እንዴ?» አለ ቀጭኔ፤ ግን አፍንጫውን ከጃንጥላ ጃንጥላ ማዞር ጀምሯል። «ይሄ ካልሲ ነው... ይሄ ምንም... ኡኡቴ! ሽንኩርቱን አገኘሁት!»

«ሁለት መቶ ሰባት፤ ጥቁር፤ አንድ አጥንቱ የተሰበረ፤ ሲዘጋ ጣት ይቆነጥጣል።»

ሁሉም እየከፈቱ ዘጉ። ከዚያ ከጥግ በኩል «አአአይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«ተገኘ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ማንም ሰዓቱን አላየም። ሰባቱ ካርዳቸውን አገኙ። የቀሩት ሦስቱ ግን መዝገቡ ላይም በአካልም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ጥቁር፤ አዲስ፤ እንከን የሌለው»። የሚለያዩት በተገኙበት አውቶቡስ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጃንጥላው አይናገርም።

«ለነዚህ ዕጣ ይጣል» አለ ቀጭኔ ቀስ ብሎ። «መንታ ናቸው። የወለደቻቸው እንኳ አትለያቸውም።»

ራዲዮ አንዱን ካርድ አንስታ ክሩን እጀታው ላይ ጠመጠመች። ግማሽ ቋጠሮ። የቀረው መሳብ ብቻ ነው። ሦስቱ ሦስት ቦታ ታስረው ሽቦው ላይ ቢሰቀሉ ክፍሉ ጠዋት የነበረውን ይመስላል፤ እናቷም አስራ ዘጠኙን ዓመት ሃያ ብላ ትቀጥላለች፣ አንድ ቀን አንድ ሰው «ይሄ የኔ አይደለም» እስኪላት ድረስ።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። የተረሱ ዕቃዎች የሞሉበት ከረጢት በየደረጃው እየተጋጨ ይንኳኳል።

«መጣች! በኋላ በር!» ሦስቱ ጓደኞቻቸው ከመቅጽበት ውልቅ አሉ፤ አንዷ ብቻ ብቅ ብላ «ጃንጥላ ስታሸቱ ያነሳኋችሁ ፎቶ ከሌሊት ወፎቹ በአስር እጥፍ ይበልጣል!» ብላ ተመልሳ ተሰወረች። ቀጭኔ በሩ ላይ ቆሞ ራዲዮን በእጁ ጠራት።

ራዲዮ ቋጠሮውን ፈታችው። ሦስቱን ጃንጥላዎች እናቷ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋደመች፤ ሦስቱን ካርዶች አጠገባቸው ደረደረች፤ መዝገቡንም በገጹ ከፍታ አስቀመጠች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማዬ» አለች በሩ ገና ሳይከፈት፣ «መጀመሪያ ከረጢቱን አስቀምጪና ቁጭ በይ። ትንሽ ረዘም ይላል።»

ቀጭኔ የኋላውን በር በቀስታ ዘጋና ሦስት ወንበር ሳበ።