የደረቀው ጣሳ

«ይሄ እኮ ወንፊት እንጂ ጭቃ አይደለም!» ብሎ እንዳለው የሚባለው ልጅ ሲስቅ የክፍሉ ልጆች አጀቡት።

የትናየት ጣሳዋን ገልብጣ፣ ጭቃውን በጣቷ እየፈረፈረች ጥፋቷን ትፈልጋለች። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ረህማ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ታውቃለች። አውቃም ዝም ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደባርቅ ያለው ትምህርት ቤታቸው ከግቢው ጀርባ አዲስ የቆሻሻ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ከጉድጓዱ በታች ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳው ምንጭ አለ። የቆሻሻው እዥ ወደ ምንጩ ከሰረገ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ስለዚህ የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ መምህር ቻላቸው «ወለሉ ውሃ በማያሳልፍ አፈር ይለሰናል፤ የትኛው እንደሚሻል እናንተ ፈትኑ» አሉ። ረህማ ቀዩን አፈር ከተነፋ አመድ ጋር አቦካች፤ የትናየት ደግሞ ቀዩን ከጥቁሩ ዋልካ አፈር ጋር። ታቹ በተበሳ ጣሳ ጠቅጥቀው፣ ከላይ ውሃ ሞልተው፣ ከታች የሚንጠባጠበውን በየጠዋቱ በማንኪያ ይለካሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ የላዩ ውሃ ማለቅ የለበትም። ዋልካ ከደረቀ ይሰነጠቃላ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ የረህማ ጣሳ በቀን ሦስት ማንኪያ ሲያንጠባጥብ የየትናየት አንድ እንኳ አልሞላም።

ሁለቱ ተራ ይሸፋፈናሉ። በጁምዓ የትናየት ሁለቱንም ጣሳ ትጠብቃለች፤ በክርስቲያን በዓል ደግሞ ረህማ። ጥምቀት ደረሰና የትናየት ከከተራው ጀምራ ታቦት ልታጅብ ወረደች። ረህማ ግን የአክስቷ ልጅ የሰልሰቢል ሰርግ ዳባት ነበረባት። «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ሰርግ ገብቶ ማን በነጋታው ይመለሳል? ሂናው አለ፣ ጭፈራው አለ፤ በዚያ ላይ በበዓሉ መኪና ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ጋሽ ሙሌ ጣሳዎቹ የተቀመጡበትን የቆርቆሮ መጋዘን ሲከፍቱላት ሁለቱም በሙቀቱ ደርቀው አገኘቻቸው። አመድ ያለበት የእሷ ምንም አልሆነም። የየትናየት ግን ከጣሳው ጠርዝ ተላቆ መሃሉ ተሰንጥቋል። ረህማ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ደፈነች፣ ውሃ ሞላች፣ የሦስቱን ቀን ልክ ከራሷ ፈጥራ ደብተሩ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ የየትናየት ጣሳ በቀን ብርጭቆ ሙሉ ያፈስ ጀመር።

በማግስቱ የትናየት ጠይቃት ነበር።

«ረሂ፣ ውሃው አልቆ ነበር እንዴ?»

«ወላሂ አላለቀም።»

የደነገጠችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው። በሐሰት መማል እነሱ ቤት ቀልድ አይደለም። ዝም አይነቅዝም ብላ ተወችው፤ የእሷ ዝምታ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነቅዝ ከረመ።

ዛሬ ልጆቹ ስቀው ሲያበቁ «እንግዲህ ተለይቷል» አሉ መምህር ቻላቸው። «ዓርብ ጎንደር ለተማሪዎች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ረህማ ትሄዳለች። ሰኞ ደግሞ ጉድጓዱ በእሷ ቅልቅል ይለሰናል።»

«ቲቸር፣ በጥምቀት ውሃው አልቆ ቢሆንስ?» አለ እንዳለው።

የትናየት ቀና አለች። «የጠበቀችው ረህማ ናት። ወላሂ ብላኛለች፣ በቃ። በደንብ ያልጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ።»

ረህማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ልጆቹ ሲወጡ ሁለቱ ጣሳ ሊያጥቡ ቀሩ። «ለጎንደር ሰማያዊ ሹራቤን ልበሽ» አለች የትናየት። «ያንቺ ክርኑ ተቀዷል፣ ሼም ነው።»

ረህማ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «የትዬ፣ በጥምቀት እዚህ አልነበርኩም። ዳባት ሰርግ ነበርኩ። ስመለስ ጣሳሽ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። በጣቴ ደፈንኩትና ቁጥሩን ዝም ብዬ ጻፍኩት።»

የትናየት እጇ ላይ የቀረውን ጭቃ በውሃ አጠበች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ የገዛ እጄን ስረግም ነው የከረምኩት» አለች። «አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንደ አዲስ ለመፈተን ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ኤግዚቢሽኑ ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የትዬ።»

የትናየት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ወትሮ በር ላይ ትጠብቃት ነበር፤ ዛሬ አልጠበቀቻትም። ረህማ ልትከተላት ተነሳችና ተወችው። አሁን ሮጣ ይቅርታ ብትለምናት የሚቀልለው የራሷ ሆድ ብቻ ነው።

ደብተሩን ከፈተች። የጥር አሥርን፣ የአሥራ አንድንና የአሥራ ሁለትን ቁጥር በእስክሪብቶ ሰረዘችና ከጎኑ «በእነዚህ ቀናት ማንም አልለካም፤ ጣሳዎቹ ደርቀው ነበር» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረመች። ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

መምህር ቻላቸው የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። «ምን ረሳሽ ረህማ?» አሏት ቀና ሳይሉ።

«ቲቸር፣ ጉድጓዱ ሰኞ እንዳይለሰን» አለችና ደብተሩን ከፊታቸው ዘረጋችው።