በጥቁሩ ኮፈን ላይ

መጀመሪያ ፀጉር መስሏት ነበር። ከራሷ ረግፎ የመኪናው ኮፈን ላይ ያረፈ መስሏት በጥፍሯ ልታነሳው ሞከረች። አልነሳ አላት። ጎንበስ ብላ ወደ ብርሃኑ ስታየው ከጎኑ ሌላ አለ፤ ከዚያም ጎን ሌላ። እርጥብ ሳለ አንዱም አልታየም። ውሃው እየደረቀ ሲሄድ ግን ከጥቁሩ ቀለም ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ብቅ ብቅ አሉ።

ልጅቷ ፎጣውን ይዛ ድርቅ ብላ ቀረች። ጭረት ነው።

መኪናው የእነሱ አይደለም። አባቷ የሚያሽከረክረው የመሥሪያ ቤት መኪና ነው። ባለፈው ሳምንት ቀኝ እጁን ቆርቆሮ ቆርጦት ስለተሰፋ፣ ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት መሪ እንዳይዝ፣ ውሃም እንዳያስነካው ነግሮታል። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ተተኪው ሹፌር መጥቶ ይረከበዋል። አባቷ ደግሞ በሃያ ዓመት ሥራው የቆሸሸ መኪና ለሰው አስረክቦ አያውቅም። አንድም ጭረት በስሙ ተጽፎበት አያውቅም።

ጠዋት ሁሉንም ነግሯት ነበር። በጥላ ሥር እንድታጥበው፤ መጀመሪያ ውሃ በብዛት አፍስሳ አሸዋውን እንድታወርድ፤ አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላው ስፖንጁን ለመለቅለቂያ እንዲሆን፤ ከጣሪያው ጀምራ ወደ ታች እንድትወርድ። ስታደርቀውም ፎጣውን አልብሳ ውሃውን እንዲመጥ እንድትተወው እንጂ እንዳታሸው። «የሕፃን ገላ ነው በይው» ብሏት ፋሻውን ሊያስቀይር ወደ ክሊኒክ ሄደ።

እሷ ግን ኮፈኑ ላይ የተኛውን አቧራ ስታይ የእናቷ ደንብ ቀደማት። በእነሱ ቤት አቧራው በደረቅ ጨርቅ ሳይነሳ ውሃ የሚነካ ወለል፣ መስኮት ወይም ጠረጴዛ የለም። «አቧራ ላይ ውሃ ካፈሰስሽ ጭቃ አቦካሽ በቃ!» ትላለች እናቷ። ልጅቷም ደረቅ ጨርቅ አንስታ ኮፈኑን ጥሩ አድርጋ፣ ክብ ክብ እየሠራች ወለወለችው። ውሃውን ያፈሰሰችው ከዚያ በኋላ ነው። አቧራ ያለችው የደቀቀ አሸዋ እንደነበር የገባት አሁን ነው።

አባቷ ሥራውን ሲያጣ ታያት። ከሃያ ዓመት በኋላ ያለ ቁልፍ፣ እጁን አጣጥፎ ቤት ውስጥ ተቀምጦ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በላይ መጣ። የጎረቤቷ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ለማንኛውም ነገር መላ ስለማታጣ ሰፈሩ ሁሉ «መላ» ይላታል።

«ነይ እይልኝ። አለቀልኝ!»

መላ በበሩ ዞራ ገባችና ኮፈኑን አየች። ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ፣ አንቺ! ድመት አሳፍረሽበታል እንዴ?»

«አትቀልጂ፣ በናትሽ!»

«እሺ፣ እሺ። ነገር አታካብጂ። የምግብ ዘይት አምጪ።»

«ለምን?»

«ወንድሜ ሞተር ሳይክሉን ሲጭር እንዲህ ነው የሚያደርገው። ትንሽ ትቀቢዋለሽ፣ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፣ ድራሹ ይጠፋል።»

«ለዘላለም?»

«እስኪታጠብ» አለች መላ። «ያኔ ደግሞ መኪናው ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ሮጣ ወደ ማድ ቤት ገባች። ዘይቱን አምጥታ በጥጥ ቀባችው፣ ትርፉን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገችው። እውነትም የሸረሪቱ ድር አንድ በአንድ ጠፋ። ኮፈኑ ሰማዩን መልሶ እስኪያሳይ አበራ።

«አላልኩሽም?» አለች መላ፤ የአባትየውን ሳል ስትሰማ ግን በመጣችበት በር ሹልክ ብላ ወጣች።

አባቷ መኪናውን ዞረው። አልቸኮለም፤ ጣሪያውን፣ በሮቹን፣ የጎማዎቹን ጎድጓዳ ሳይቀር አየ። ኮፈኑ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እንዲህ አብርቶ እኔም አይቼው አላውቅም» አለ። «ተባረኪ፣ የኔ ልጅ። እጄን ተክተሻል።»

ቢቆጣት ይሻል ነበር።

ተተኪው ሹፌር ወዲያው ደረሰ። አንገተ ረጅም፣ ሳቂታ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እጅዎ ተሻለዎት?»

«ደህና ነው። አንተስ? ነገሩ በረደ?»

«ምን ይበርዳል! ባለፈው ወር የሌላዋን መኪና የጎማ መከለያ፣ ፓራፋንጎዋን፣ ካስነካሁ ወዲህ ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ነው። ኃላፊው ‹አንድ ጭረት ባገኝብህ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ውልቅ!› ብሎኛል። አሁን እንኳ በአንድ እግሬ ነው የቆምኩት» ብሎ እውነትም አንድ እግሩን አንስቶ ሳቀ። ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። መኪናውን ዞሮ ሲያይ በየማዕዘኑ ጎንበስ ይል ነበር። ኮፈኑ ላይ ሲደርስ የራሱን ፊት አይቶ ሸሚዙን አስተካከለ።

«መስታወት አድርጋችሁ አቆያችሁልኝ! ማነው ያጠበው?»

«እሷ ናት» አለ አባቷ፤ በኩራት። የርክክቡን ቅጽ ከኪሱ አወጣ። «ነይ ሙይልን፤ እኔ በዚህ እጄ መጻፍ አልችልም።»

ልጅቷ ቅጹን በር ላይ ባለው ወንበር ላይ አስደግፋ ተንበረከከች። አባቷ እየነገራት ጻፈች። የነዳጅ መጠን፣ ግማሽ። ትርፍ ጎማ፣ አለ። የመኪና ማንሻ ክሪክ፣ አለ። ሬዲዮ፣ ይሠራል።

«ጭረት ወይም ጉዳት፤ የለም በይ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ ቆመ። ከቅጹ ግርጌ ሁለት የፊርማ መስመሮች አሉ። አንዱ ያስረካቢ፣ አንዱ የተረካቢ። ወጣቱ ሹፌር ከኋላዋ ቆሞ ለመፈረም ተራውን እየጠበቀ በዝግታ ያፏጫል። የአባቷን ፊት ላለማየት አንገቷን ደፋች።

«ጻፍሽ?» አለ አባቷ።

«እየጻፍኩ ነው፣ አባዬ።»

«አለ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም፣ ፊደሎቹ እንዳይዛነፉ እየተጠነቀቀች፣ «ኮፈኑ ላይ፤ ዛሬ ጠዋት በእጥበት ጊዜ የደረሰ» ብላ ጨመረች። ወረቀቱን ለአባቷ ሰጥታ ሳሙና የነካ ስፖንጅ ይዛ ወደ መኪናው ሄደች።

ፉጨቱ ቆመ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ አባቷ ከኋላዋ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

ዘይቱን አጥባ ውሃ አፈሰሰችበት። ፎጣውን አልብሳ፣ ሳታሽ፣ ውሃውን እስኪመጥ ጠበቀች። ከዚያ ፎጣውን አነሳችና ጣቷን የመጀመሪያው ጭረት ላይ አሳረፈች።

«ከዚህ ይጀምራል» አለች። «ኑ ላሳያችሁ፤ ብዙ ነው።»