ትናንት የሄደው አውቶቡስ

አውሮፕላኑ ይሰማል እንጂ አይታይም። ከጭጋጉ በላይ አንዴ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። በሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቁት መንገደኞች ቀና ብለው ድምፁን በጆሯቸው ተከተሉት። ሦስተኛውን ዙር ሳይጨርስ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ።

«ተመለሰ» አለ ደራራ።

«ዝም በል።»

«እኔ ዝም ስል ሊያርፍልሽ ነው?»

ሶረቲ ከታላቅ ወንድሟ ዞር አለች። አንዲት ሠራተኛ ወጥታ በረራው ለነገ መተላለፉን ተናገረች። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የናይሮቢው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሚነሳው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን መኪና ቢገኝ እንኳ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። የአራት ልጆች ቡድናቸው የሚካፈልበት የሒሳብ ውድድር ደግሞ ነገ ጠዋት ናይሮቢ ላይ ይጀመራል።

አዲስ አበባ ለሚጠብቃት ለመምህር መሳይ ደውላ ነገረችው።

«በሦስት ልጅ እንገባለን እንግዲህ» አለ። «የጂኦሜትሪውን ጥያቄ ማን ይያዝልን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ሦስቱ የቡድኑ ልጆች፣ ሀይሚም ጭምር፣ ከመምህሩ ጋር ትናንት ጠዋት በአውቶቡስ ሄደዋል። እሷም ወንበር ተይዞላት ነበር። ግን አካኮ የምትላቸው አያቷ አቶ ባዳሳ ከጎሮ መምጣት የሚችሉት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በቤታቸው ደግሞ ከአገር የሚወጣ ሰው ሳይመረቅ አይነሳም። አክስቷ የአውሮፕላን ቲኬት ስለቆረጠችላት ሶረቲ ከአውቶቡሱ ቀረች። ማታ አያቷ እርጥብ ሣር አስይዘው ለረጅም ጊዜ መረቋት። መንገዱ ይቅናሽ፣ ሰማዩ ይጥራልሽ አሉ። ሁሉም አሜን አለ።

አሁን እሳቸው ከመጠበቂያ ክፍሉ ጥግ፣ ሻንጣዋን በጉልበቶቻቸው መሃል ይዘው ተቀምጠዋል። ማንም እንዲያነሳባቸው አልፈለጉም።

«መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሉ ጠየቋት።

«አይመጣም፣ አካኮ። ቀረ።»

«ነገስ?»

«ነገ ምን ያደርግልኛል?»

አቶ ባዳሳ ሻንጣውን አዩት። «በአውቶቡስ የሄዱት ልጆች ደረሱ?»

ደራራ ሊያጽናናቸው ጣልቃ ገባ። «እነሱ እንኳ ገና…»

«ደርሰዋል» አለች ሶረቲ። «ማታውኑ ደርሰዋል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን «ኧረ አይደለም» ትላቸው ነበር። ዛሬ ቃሉ አልወጣ አላት። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ከትምህርት በኋላ መብራት እየጠፋባት እንኳ ስትሠራ የቆየችው ለነገ ጠዋት ነበር። አዎ፣ እርስዎ ነዎት ማለት ፈለገች። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

እጃቸው የሻንጣውን እጀታ እንደጨበጠ ነው።

«ቲቸር ሂጂ ብሎኝ ነበር» አለች። «ምርቃቱ በስልክም ይሆናል ብሎኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሳያዩኝ መሄድ አልፈለግሁም።»

«ቆጨሽ?»

«አዎ።» እንባዋ መጣ፤ አላቆመችውም። «በጣም ቆጨኝ፣ አካኮ።»

አቶ ባዳሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይዞሽ አላሏትም። ሻንጣውን ትተው የጋቢያቸውን ጫፍ አቀበሏት፤ ፊቷን ጠረገችበት።

ደራራ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። ሶረቲ ስልኳን አውጥታ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ደወለች።

«ቲቸር፣ ጂኦሜትሪውን ለሀይሚ ስጧት» አለች፤ ድምጿ አሁንም ይቆራረጣል። «ትፈራለች እንጂ ታውቀዋለች። ስልኩን አቀብሏት፣ አስረዳታለሁ፤ ደብተርም ትያዝ።»